ልኩን የማያውቅ ዱላ

እኛ የዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ሐበሾች ጎልፍ የጀመርነው በሰው ዱላ ነው። ከሱቅ አዲስ ገዝቶ የጀመረ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ ፓርኪንግ ሲሠራ የኖረ ነው፤ የረጅም ጊዜ ደንበኛው ጡረታ ወጥቶ ፍሎሪዳ ሲገባ ከነቦርሳው ጥሎለት ሄደ። ሌላው ቅዳሜ ማለዳ ያርድ ሴል ላይ ከአሮጌ ቶስተር ጋር አብሮ አነሳው። ሦስተኛው ደግሞ ባሏ የሞተባት ፈረንጅ ጎረቤቱ "እሱ በጣም ይወደው ነበር፤ አንተ ተጫወትበት" ብላ እያለቀሰች አስረከበችው። እሱም አብሯት እያለቀሰ ተቀበለ። ሟች ቁመታቸው ስንት ነበር ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እንዴትስ ይጠየቃል፣ በለቅሶ ላይ!

ሟች ታዲያ 6 ጫማ ከ4 ኢንች ኖረዋል። ወራሹ 5 ጫማ ከ6 ነው፤ እሱም ጫማውን ካላወለቀ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄይንስ ፖይንት ወዳለው የኢስት ፖቶማክ ሜዳ ሄዶ ኳሷ ፊት ሲቆም እጀታው ሆዱን ይወጋዋል። ስለዚህ ክርኖቹን አጥፎ፣ ደረቱን ገልብጦ፣ ከኳሷ አንድ እርምጃ ሸሸት ብሎ ይቆማል። ይመታል። ኳሷ ወደ ግራ። ደግሞ ይመታል። አሁንም ወደ ግራ። "ስዊንጌ ተበላሽቷል" ይላል። ማታ ልጆቹን አስተኝቶ ዩቲዩብ ላይ ያፈጣል። በሳምንቱ እጁን ጠምዝዞ ወደ ቀኝ ሊያቃና ሲሞክር ኳሷ ከጎኑ የቆመውን ሰው ቦርሳ ትመታለች። ወንድማችን ራሱን ይከሳል፣ አስተማሪውን ይከሳል፣ ነፋሱን ይከሳል፣ ሲብስበትም የሰው ዓይን ነው ይላል። ዱላውን ግን አይጠረጥርም።

"ለካው እንጂ" ያልከው እንደሆነ መልሱ አንድ ነው፤ "መጀመሪያ መጫወት ልልመድ፤ ሲገባኝ እለካለሁ።" ይሄ መልስ ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ከአስተዳደጋችን የመጣ ነው እላለሁ። ልብስ ሲገዛልን "ያድግበታል" እየተባለ ነው ያደግነው። እጅጌው መዳፋችንን ሸፍኖ፣ ሱሪው ሁለቴ ታጥፎ፣ ሰውነታችን አንድ ቀን ልብሱን እንደሚደርስበት ተስፋ ተጥሎብን። በልብሱ ልክ ማደግ የእኛ ኃላፊነት ነበር። ይሁን፤ ያን ጊዜ ልጆች ነበርን። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ የሟችን ዱላ ይዞ ወዴት ነው የሚያድግበት?

የሚገርመው ደግሞ ልኬት የማናውቅ ሰዎች አለመሆናችን ነው። ገጠር ያደገ ልጅ የገና ጨዋታ ሲደርስ ዱላውን ከገበያ አይገዛም። ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፍለጋ ጫካ ለጫካ ይዞራል። ያገኘውን ቆርጦ፣ ልጦ፣ ከጎኑ አቁሞ ለክቶ፣ ሁለት ሦስቴ በአየር ላይ አወዛውዞ፣ ከከበደው ፋቅ አድርጎ፣ ከረዘመበት ከላይ ቀንሶ ነው ሜዳ የሚወርደው። ታላቅ ወንድሙ "እንካ በእኔ ተጫወት" ቢለው እንኳ ፊቱን ያዞራል። ያ እረኛ ስለ ዘንግ ክብደትና ስለ እጀታ ውፍረት የሚያውቀው ዛሬ የጎልፍ መለማመጃው ሬንጅ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ከማየው ኢንጂነር ወገናችን ይበልጣል። አንዳንዴም ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ በመሃል ዲቪ ደርሶት ነው እንጂ።

ስኮትላንዶችም በጥንቱ ጊዜ እንዲሁ ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1457 ፓርላማቸው ጎልፍን ከለከለ፤ ወጣቱ ቀስት መልመዱን ትቶ ሜዳ ላይ ዋለ ተብሎ ነው። እገዳው በ1491 በንጉሥ ጄምስ አራተኛ ዘመን ታደሰ። ያው ንጉሥ በ1502 ፐርዝ ከተማ ላለ አንድ ቀስት ሠሪ ለጎልፍ ዱላ 14 ሺሊንግ እንደከፈለ የራሱ ግምጃ ቤት መዝገብ ይመሰክርበታል። ከልካዩ ራሱ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ ይሄ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ታሪክ አይደለም። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ንጉሡ የሄደው ወደ ቀስት ሠሪ ነው፤ እንጨት ምን ያህል እንደሚለመጥ፣ የትኛው ለየትኛው ክንድ እንደሚሆን ወደሚያውቅ ሰው። በገንዘብ መዝገብ ላይ ከተገኙት የጎልፍ ዱላ ግዢዎች ቀደምቱ እንግዲህ የእጅ ባለሙያ ሠርቶ ያስረከበው ነው።

ከዚያ በኋላ በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ዘንጉ እንጨት ነበር፤ በመጨረሻም ሂኮሪ የሚባለው ነገሠ። ሁለት የሂኮሪ ዘንግ አይመሳሰልም። ተጫዋቹ አንድ በአንድ እያነሳ፣ እየነቀነቀ፣ ለእጁ የሚስማማውን ይመርጥ ነበር። በ1920ዎቹ አሜሪካ፣ በ1929 ደግሞ ብሪታኒያ የብረት ዘንግ ሲፈቀድ ፋብሪካ ገባበት። ብረት እንደ ልብ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ በሺህ ይመረታል፤ መደርደሪያ ላይ ይደረደራል። ዱላውም "ስታንዳርድ" የሚል ስም ወጣለት። ስታንዳርድ የሚባለው ዱላ ቁመቱ 5 ጫማ ከ9 ወይም ከ10 ለሆነ፣ ክንዱ መካከለኛ ለሆነ፣ መዳፉ መካከለኛ ለሆነ፣ ምቱም መካከለኛ ለሆነ ወንድ የታሰበ ነው። እኔ ይህን ሰውዬ በአካል አግኝቼው አላውቅም። ዱላው ሁሉ ግን የተሠራለት ለእሱ ነው።

ይህን መካከለኛ ሰውዬ ከዙፋኑ ካወረዱት አንዱ ጫማ ጠጋኝ የነበረ ሰው ነው። ካርስተን ሶልሃይም በ1911 ኖርዌይ፣ በርገን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ገባ። ምህንድስና ጀምሮ ነበር፤ የዚያ ዘመን የኢኮኖሚ ድቀት ትምህርቱን አስቋረጠውና እንደ አባቱ ጫማ ሲሠራ ኖረ። በኋላ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ኢንጂነር ሆነ። ጎልፍ የጀመረው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ጎትተውት። ወደ ጉድጓዱ የምትገፋዋ አጭር ምት አልሆን ብላ አስቸገረችው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ከእኛ የሚለየው፤ ሶልሃይም ራሱን አልከሰሰም፣ ዓይነ ጥላም አላሳበበም፣ ዱላውን ከሰሰ። በ1959 ጋራዡ ውስጥ የራሱን ፓተር ሠራ፤ ኳስ ሲነካ "ፒንግ" ይላልና ስሙ ያው ሆነ። ኩባንያው በ1972 ደግሞ ዱላን በቀለም መደበ። የሰውዬው ቁመት ይለካል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከእጅ አንጓው እስከ መሬት ያለው ርቀት ይለካል፤ ሁለቱ ሠንጠረዥ ላይ በሚገናኙበት ቦታ ቀለሙ ይገኛል። ጥቁር ነጥብ ያለበት ለመካከለኛው ሰውዬ ነው፤ ቀይ ዝቅ ላለው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀና ላለው። አንድን ሰው ቁመቱን ብቻ ጠይቀህ ጫማ እንደማትሰጠው ጫማ ሠሪ ያውቃል። አጭር ሆኖ ክንዱ ጉልበቱ የሚደርስ ሰው አለ። ረጅም ሆኖ እጁ ኪሱ ጋ የሚቀር አለ። ሁለቱ አንድ ዱላ ሊስማማቸው ይችላል፤ ሱሪ ግን አይዋዋሱም።

የቀለሙ ቁም ነገር ዱላው መሬት ላይ ሲያርፍ የሚያጋድልበት ልክ ነው። የዱላው ራስ ታችኛው ክፍል በምቱ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መሬት መንካት አለበት። ዱላው ለሰውዬው ረዝሞበት ወይም ቀንቶበት ከሆነ የራሱ ጫፍ ሽቅብ ይነሳና ተረከዙ ብቻ መሬት ይይዛል። ያን ጊዜ የዱላው ፊት ሳታውቀው ወደ ግራ ይመለከታል፤ በደንብ የተመታች ኳስ ራሷ ወደ ግራ ትሄዳለች። ተቃራኒው ሲሆን ወደ ቀኝ። ፊቱ በጣም በተጋደለ ዱላ፣ ማለትም ለአጭር ርቀት በሚመረጠው፣ ስሕተቱ ይብሳል። ያ የሟችን ዱላ የወረሰው ወንድማችን እንግዲህ ጥሩ በመታ ቁጥር ይቀጣ ነበር። ሰውነት ደግሞ ብልጥ ነው፤ ዱላው ወደ ግራ እንደሚወስድ ሲገባው ሳያማክርህ እጅህን ማጣመም ይጀምራል። "መጀመሪያ ልልመድ" ያልከው ይህንን ነው፤ ጠማማ ዱላ ለማቃናት መጣመምን ነው የምትለምደው። እሱን ለማስረሳት ነው አስተማሪ በሰዓት የሚከፈለው። ለዚህ ነው ከባለሙያው ይልቅ ጀማሪው መለካት አለበት የምለው። ባለሙያው በመጥረጊያ እንጨትም ይመታታል።

ወጪው ይነሳ ከተባለ የእኔ ቤት ጉዳይ ይነሳ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ነገሩን ከእህቴ ሰምታ ደወለች።

"ምን ገዛ ነው የሚሉኝ?"

"ዱላ ነው እማዬ፤ የጨዋታ ነው።"

"ስንት ዱላ?"

"አሥራ አራት።"

ስልኩ ዝም አለ። ቆይታ፣ "ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?" አለችኝ።

እንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ፈረንጆቹ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፍረው የሚጫወቱት ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። እነሱ ሥራ ስለሌላቸው ነው አለች። ሕጉ ከ14 በላይ እንደማይፈቅድ፣ ይህም አሜሪካ ውስጥ በ1938 እንደተደነገገ፣ ከዚያ በፊት ግን ለተሸካሚ 25 እና 30 ዱላ የሚያሸክሙ ሰዎች እንደነበሩ አልነገርኳትም። ይህንን ብትሰማ ሽማግሌ ትልክ ነበር።

ባለቤቴ ግን ከእናቴ የከፋች ናት፤ ሒሳብ ታውቃለች። "ዱላው ይሁን፤ ለመለካት ብቻ ከ100 ዶላር በላይ ምን ማለት ነው? አንተ ሱሪ ስትገዛ እንኳ ወገብህን አትለካም። ከተጋባን ጀምሮ '34 ነኝ' እያልክ ነው" አለች። ይህን የምትለው ጋሼ ባሉበት ነው። ጋሼ የማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ጎልፍን ዘግይተው ጀምረው ከሁላችን የበለጡ፣ ስለ ጎልፍ ሲያወሩ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስኮትላንድ የኖሩ የሚመስላቸው። "እኔም እለካለሁ፤ አብረን እንሂድ" ብለው ገላገሉኝ። ባለቤቴም ገንዘቡ የት እንደሚገባ ልይ ብላ ተከተለችን።

ለኪው ወጣት ፈረንጅ ነው፤ ሥራውን የሚወድ። ከጋሼ ጀመረ።

"ቁመትዎ?"

"አምስት ከዘጠኝ" አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ልጁ ሜትሩን ዘረጋ። አምስት ከሰባት።

"ጋሼ፣ ሁለቷን ኢንች ደልስ ኤርፖርት ሲገቡ ጉምሩክ ያዘብዎት?" አልኩ።

"ዝም በል አንተ። ሜትሩ የቻይና ነው።"

ቀጥሎ እጅዎን ዘና አድርገው ይልቀቁ፣ ከአንጓ እስከ መሬት ልለካ ነው ሲላቸው ወታደርነታቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ ተጠንቀቅ ቆሙ። ዘና ይበሉ ቢላቸው የበለጠ ደረቁ። ግራ መዳፍዎን ያሳዩኝ ሲላቸው ደግሞ ወደ እኔ ዞረው "መዳፍ ሊያነብ ነው እንዴ? ጸሎቴን አድርሼ ነው የመጣሁት" አሉ። ልጁ የሚያየው የጣታቸውን ርዝመት ነበር። እጀታውን በግራ እጅ ሲጨብጡ የመሃልና የቀለበት ጣት ጫፎች መዳፉን ነካ ብቻ ማድረግ አለባቸው። ጣቶቹ መዳፉን ከወጉት እጀታው ቀጥኗል፤ ጨርሶ ካልደረሱ ወፍሯል። እጀታ የቀጠነበት ሰው እንዳያመልጠው አጥብቆ ይጨብጣል፤ አጥብቆ የጨበጠ ክንዱ ይግተራል። ይህን ለማስተካከል ከእጀታው ሥር ተጨማሪ ፕላስተር መጠምጠም ብቻ በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከልኬት ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው፤ የሚረሳውም ይሄው ነው።

ዋናው ጦርነት የተነሳው በዘንጉ ነው። ዘንግ በግትርነቱ በፊደል ይመደባል። ኤል ለሴቶች፣ ኤ ለአዛውንት፣ አር ለመደበኛ፣ ኤስ ለግትር፣ ኤክስ እጅግ ለግትር። ምትህ ፈጣን ሲሆን ግትር ዘንግ ትፈልጋለህ፤ ሲዘገይ ቀለል ያለና የሚለመጥ ዘንግ ኳሷን ከፍ አድርጎ ያስነሳልሃል። የሚለካውም በራዳር ነው፤ የዱላውን ራስ ፍጥነት፣ የኳሷን ፍጥነት፣ የተነሳችበትን ከፍታና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትሽከረከር ስክሪን ላይ ያወጣዋል። ጋሼ ከኋላቸው መሣሪያ መቀመጡን ሲያዩ ሰላም ብለውት አለፉ። መቱ። ስክሪኑ በሰዓት 80 ማይል አለ። ልጁ አንድ ዘንግ መርጦ አቀበላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ፊደሉን አነበቡ።

"ኤ! አያችሁ? ትምህርት ቤትም ኤ ነበር የማመጣው።"

ልጁ፣ ለሥራው ታማኝ የሆነ ልጅ፣ የኤን ትርጉም ነገራቸው።

ጋሼ ቀለማቸው ተለወጠ። እኚህ ሰው ለሜዳው መግቢያ "ሲኒየር ነኝ" ብለው መታወቂያ ዘርግተው ቅናሽ የሚያስደርጉ ናቸው። ባቡር ላይ ጎረምሳ አስነስተው የሚቀመጡ ናቸው። ዱላ ላይ ሲሆን ግን አዛውንትነት ስድብ ሆነ። "ኤስ አምጣልኝ" አሉ። "እኔ ኤስ ነው የምመታው።" በርግጥም ቦርሳቸው ሙሉውን ኤስ ነው፤ ከማን እንደወረሱት አልተናገሩም።

ልጁ አልተከራከረም። ሁለቱም ዘንጎች ላይ ፊደሉን በፕላስተር ሸፍኖ ተራ በተራ አስመታቸው። በአንዱ ኳሷ ዝቅ ብላ፣ ወደ ቀኝ አጋድላ፣ 160 ያርድ አካባቢ ወደቀች። በሌላው ከፍ ብላ ተነሳችና ቀጥ ብላ ሄዳ 180ን አለፈች። ደጋገሙት፤ ያው ሆነ። ጋሼ ሁለተኛዋን ዱላ እንደ ልጅ ልጃቸው አቅፈው፣ "ይቺ ናት ኤሷ! ብረት እኮ በእጅ ይታወቃል" አሉ። ልጁ ፕላስተሩን ላጠው።

ኤ ነበረች።

ባለቤቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እኔም የጫማዬ ክር ተፈትቶ ነበር። ጋሼ ግን በማኅበር ስብሰባ ብዙ ቀውጢ ያለፉ ሰው ናቸው። ዱላዋን አገላብጠው አይተው፣ "ፊደሉ ወደ ታች ዞሮ ሊገጠም ይችላል?" ብለው ጠየቁ። ልጁ "ይቻላል፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስገጥማል" አላቸው። ነገሩ በዚሁ በሰላም አለቀ። ለአንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ሰውን የሚያጣላ ፊደል የጋራ መስፈርት እንኳ የለውም። የአንዱ ኩባንያ ኤስ የሌላው ኩባንያ አር ሊሆን ይችላል። በፊደል የሚምል ሰው በማስታወቂያ ክፍሉ እየማለ ነው።

ባለቤቴስ? እሷ ረጅም ናት። ለጨዋታ ያህል ልለካሽ ሲላት እሺ አለች። ሱቅ ውስጥ የሴቶች ተብሎ የሚሸጠው ዱላ ከወንዶቹ ወደ አንድ ኢንች ያጥራል፤ ዘንጉም ለስላሳ ነው፤ ሴት ሁሉ አንድ ቁመትና አንድ ጉልበት እንዳላት ተቆጥሮ ነው የተሠራው። ባለቤቴ በልኬቱ የወንዶቹ መደበኛ ርዝመት ልኳ ሆኖ ተገኘ። ያ የዘመናት መካከለኛ ሰውዬ፣ በአካል አግኝቼው አላውቅም ያልኩት፣ ቤቴ ውስጥ ኖሮ ነው። የእኔ ብረቶች ደግሞ ሁለት ዲግሪ ዝቅ እንዲሉ ተወሰነ። ስለ ወገቤ ልክ ግን በዚያ ቀን ምንም አልተነሳም፤ ጎልፍ የማይለካው ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ግራኞችም ሳላነሳ አላልፍም። አንድ ወዳጄ በግራ ይበላ የነበረውን እጁን በልጅነቱ እየተመታ በቀኝ የለመደ ነው። ጎልፍ ሲጀምር የተሰጠው ቦርሳ የቀኝ ስለነበር በቀኝ ያዘ። ከዓመታት ትግል በኋላ ለኪው ጋ ሲሄድ "በግራ ሞክረህ ታውቃለህ?" አለው። ማንም ጠይቆት አያውቅም። በግራ ዱላ ሲመታ እኔ ቆሜ አይቻለሁ፤ ፊቱ ላይ የነበረውን ፈገግታ በሠርጉም ቀን አላየሁበትም። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም፤ ፊል ሚከልሰን በሌላ ነገር ሁሉ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሲሆን ጎልፍ የሚጫወተው በግራ ነው፤ ሕፃን ሆኖ አባቱን ፊት ለፊት ቆሞ እያየ ስለተማረ። ስለዚህ በምን እጅህ እንደምትጽፍ ብቻ ነግረህ ዱላ አትግዛ፤ በሁለቱም ሞክር።

ልኬት ተአምር ይሠራል የሚል ካለ ግን ከእኔ አልሰማም። ኳሷን ሳታይ ከመታህ በንጉሥ ጄምስ ዱላም አትመታትም። ሰውነትህንም አይለውጠውም፤ ሊለውጠውም አይገባም። ካልቪን ፒት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች ነበር፤ በልጅነቱ ግራ ክርኑ ተሰብሮ በትክክል ስላልተጠገነ ክንዱ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም ነበር። የዚያን ጊዜም የዛሬም አስተማሪ ሁሉ "ግራ ክንድህን ዘርጋ" እያለ ነው የሚጮኸው። ጎልፍ የጀመረው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ሲሆን ከ1981 ጀምሮ ለአሥር ተከታታይ ዓመት በፒጂኤ ቱር ኳስን ከመነሻው ሜዳው ላይ በትክክል በማሳረፍ አንደኛ ነበር፤ 12 ውድድርም አሸንፏል። የሰው አካል እንዳለ ይዞ መጫወት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ሊስተካከል የሚገባው ዱላው ነው።

ጥንቃቄም አለበት። ለኪውና ሻጩ አንድ ሰው ሲሆን ልኬቱ ሁሌ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ውድ ዘንግ ያጋድላል። ስክሪኑ ላይ ካንተ አሮጌ ዱላ ጋር ጎን ለጎን ሳያሳይህ "ይሄ 15 ያርድ ይጨምርልሃል" የሚልህን አመስግነህ ውጣ። የራስህን ዱላ ይዘህ ሂድ፤ በእሱ አስመታ፤ ከዚያ አወዳድር። አዲስ መግዛትም ግዴታ አይደለም። ያ የያርድ ሴሉ ቦርሳ እንኳ ብረቱ ሁለት ዲግሪ ያህል ሊታጠፍ፣ ዘንጉ ከላይ ሊቆረጥ፣ እጀታው ሊቀየር ይችላል፤ ለአንድ ዱላ የሚከፈለው ከአንድ ምሳ የማይበልጥ ነው። የተለካ አሮጌ ካልተለካ አዲስ ይሻላል፤ ይሄ የእኔ ፍርድ ነው። ፓተሩንም አትርሱ። አብዛኛው ሰው ልኬት ሲባል ረጅሙን ድራይቨር ብቻ ያስባል፤ በአንድ ጨዋታ ከሁሉ ይበልጥ የምታነሳው ግን ፓተሩን ነው፤ ረዝሞብህም ከሆነ ዓይንህ ከኳሷ በላይ አይውልም። ልጆቻችሁንም እዘኑላቸው፤ የአባት ዱላ ተቆርጦ ሲሰጣቸው የሚያጥረው ርዝመቱ ብቻ ነው፤ ክብደቱና ግትርነቱ የአባት እንደሆነ ይቀራል።

ገና ገንዘብ ለማውጣት ያልቆረጠ ሰው በማርከር ይጀምር። ኳሷ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምር፤ መስመሩ ወደ ዱላው ፊት እንዲዞር አድርገህ አስቀምጣትና ምታት። ቀለሙ ዱላው ላይ ይታተማል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ዱላህ ካንተ ጋር ይስማማል። ካጋደለ ግን ራስህን መክሰስህን ለጊዜው አቁምና ወደ ለኪ ሂድ። ለኪው ቁመትህን ሲጠይቅህም እባክህ ጫማህን አውልቀህ እውነቱን ንገረው።